ከጾሙ በፊት የቀመስነው ቅቤ

በዚያ ቅዳሜ አዘዞ በተከራየሁት ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። እኔ አለሁ። ትልቋ ልጄ አለች፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የገበያ ትምህርት የተማረው የእህቴ ልጅ አለ። ግድግዳ የምንጋራቸው አከራያችን እማማ አሉ። ቅቤውን ከሚኒባስ ማቆሚያው በእጅ ጋሪ ገፍተው ያመጡት አያ አሉ። ቅቤውን ከደጋ ይዛ የወረደችው ሴትም አለች። ታናሹ ልጄ ኳስ ሊጫወት ወጥቶ ስለነበር አላየም፤ እሱን አልቆጥረውም።

ሰዎቹን ከሁሉ አስቀድሜ የጠራሁት ምስክሮች ስለሆኑ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሁዳዴ የገባው ሰኞ ነው። ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። የአንዲት ሴት ስምና ትዳር ግን የተንጠለጠለው በዚህች ነገር ላይ ነው፤ ያን ቅቤ የቀመስነው ጾም ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?

ቅቤ ማንጠር የጀመርኩት የልጆቼ አባት ካረፈ በኋላ ነው። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ሌላ የማውቀው ሥራም አልነበረም። መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎም ለሁለት ምግብ ቤቶች አነጥር ነበር። ፈሪ ሰው ነኝ። ድስቱን ከጣድኩ በኋላ ከአጠገቡ አልነሳም፤ በር ቢንኳኳ እንኳ ልጄን ነው የምልከው። ኮሰረቱን ቅጠል በቅጠል እለቅማለሁ፤ ኮረሪማውን አንድ በአንድ ፈልፍዬ አሸታለሁ። ሰው እኔ የሠራሁትን በልቶ ቢያመውስ የሚል ሐሳብ ከሆዴ አይወጣም።

የደጋዋ ሴት አገሯ ከደባርቅ ወዲያ ነው። ባሏ ቄስ ናቸው። በቁርባን የተጋቡ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰዋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ትወርዳለች፣ እኔ ቤት ሁለት ሌሊት አድራ ሰኞ ትመለሳለች። ስልክ የላትም። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው፤ እህት ዓለም ነው የምንባባለው። ከእሷ ጋር ስሠራ የምፈራው ነገር ያንስ ነበር።

ቅቤ የሚገዛ ሰው የሚያስፈራው መቀላቀሉ ነው። ከላይ ሸጋ ለጋ ቅቤ ያደርጉና ከሥሩ የማይታወቅ ነገር ይሞሉበታል። ስለዚህ በእኛ መካከል ልማድ ነበረን። እሷ እጇን እስከ ቅሉ ግርጌ ሰድዳ ቆንጥራ ታወጣለች፣ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ከዚያ ከእጄ ጀርባ ላይ ታደርግልኛለች፣ እኔም እቀምሳለሁ። እኔ አድርጊው ብያት አላውቅም፤ የመጀመሪያው ቀን ራሷ አደረገችው፣ እንደዚያው ቀረ። በጾም ከሆነ ግን አይቀመስም። በጾም እጄ ላይ ትቀባኝና አሸተዋለሁ እንጂ አፌ አይደርስም። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅልኝ ነው።

የእህቴ ልጅ ተመርቆ ሥራ ሳያገኝ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ልጅ ነበር፤ የት እንደሚውል አንጠይቀውም። አንድ ቀን የደጋዋ ሴት ስትቀምስ፣ እኔም ስቀምስ በር ላይ ቆሞ አየን።

«አክስቴ፣ ይኼንን ሁልጊዜ ነው የምታደርጉት?» አለኝ።

«እንዴታ።»

«ሰው ቅቤ ሲገዛ የሚፈራውን እኮ እናንተ ፈታችሁታል። ሰው አላየውም እንጂ። እናሳየው።»

ስትራቴጂ የሚለውን ቃል ከእሱ ነው የሰማሁት። ገጽ ከፈተ። የይለፍ ቃሉን እሱ ያዘው፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ ብዬ አልጠየቅኩትም። መጀመሪያ የሚታየው እጄ ብቻ ነበር፤ ቅመም ስለቅም፣ አረፋውን ስገፍፍ፣ በነጠላ ሳጠልል። ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ ማዘዝ ጀመሩ። በመሐል ሁለቱ ምግብ ቤቶች ተዘጉ። የእኔም እንጀራ፣ የእህቴ ልጅም እንጀራ፣ የደጋዋ ሴት ገበያም በዚያች ገጽ ላይ ብቻ ቀረ። እንዲህ መሆኑን ያስተዋልኩት ከሆነ በኋላ ነው።

የዚያ ቅዳሜ አያ ቅሉን ተሸክመው ሲገቡ የእህቴ ልጅ ስልኩን በማቆሚያ አድርጎ መስኮቱ ሥር አቁሞት ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለች የደጋዋ ሴት።

«ካሜራ ነው። እንደ ሁልጊዜው ይቅመሱና ለአክስቴ ይስጧት፤ ሌላ ምንም የለውም» አላት።

«ሰው ያየኛል?»

«ቢያይዎት ምን አለ? ሸጋ ነዎት እኮ።»

እማማ ሳቁ። «ምነው አንተ ልጅ፣ የቄስ ሚስት ናት፤ ቀስ በል።»

«እኔንም አስገባኝ እንጂ» አሉ አያ። «ጋሪውን የገፋሁት እኔ፣ የሚታየው ቅቤው?»

የደጋዋ ሴት ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፀጉሯን ወደ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ካሜራውን ረሳችው። እጇን እስከ ክንዷ አጋማሽ ሰደደች፣ ቆንጥራ አወጣች፣ ቀመሰች። በእጄ ጀርባ ላይ አደረገችልኝ፣ ቀመስኩ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞራ እንዲህ አለች፦

«በሉ ቅመሱ፤ ከነገ ወዲያ አፋችን ይታሰራል።»

እማማ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ሃምሳ አምስት ቀን ሊያልፍብኝ ነው፤ ጨመር አድርጊልኝ እንጂ፣ ምን ትሰስቻለሽ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ልጄም ቀመሰች፣ አያም ቀመሱ፣ የእህቴ ልጅም ቀርጾ ሲጨርስ ጣቱን ነከረ። ያን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ከነገ ወዲያ ያለችውን።

ቪዲዮውን ያን ጊዜ አላወጣውም። «ሰው ለቅበላ የሚገዛውን ገዝቷል» አለኝ። «ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ግን ስለ ፋሲካ ማሰብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው የምንለቀው።» ልክ ነበር። እኔም ከስድስት ዓመት ሥራ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የፋሲካ ቅቤ የሚታዘዘው ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እሺ አልኩ። ሁሉን የምፈራ ሴት ያን አልፈራሁም። ለእኛ ያ ቪዲዮ ቅዳሜ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ቅዳሜ። ለሚያየው ሰው ግን ቀኑ ያየበት ቀን ነው። ይህ ለአንዳችንም አልታየንም።

ከደብረ ዘይት በኋላ፣ ረቡዕ ቀን ለቀቀው። ሰው ረጅም ነገር አያይም ብሎ አሳጥሮታል። እጇ ሲገባ ይታያል፣ ስትቀምስ ይታያል፣ እኔ ስቀምስ ይታያል፣ ሳቃችን ይታያል። ቃሏ የለም። ጾም ስለሆነ ደግሞ ዘፈን ማድረግ ነውር መስሎት በገና አደረገበት። ለጾሙ ክብር ብሎ ነው፤ ልቡ ንጹሕ ነበር። ግን በበገና ታጅበን ቅቤ የምንልስ ሁለት ሴቶች ሆነን ወጣን።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። አስተያየቱን አንብቢልኝ አልኳት።

«ተይው እማ።»

«አንብቢልኝ።»

እየዘለለች አነበበችልኝ። አንዱ «በበገና ቅቤ የሚበላበት ዘመን ደረስን» ብሏል። አንዷ «ለእነሱ ፋሲካ ቀድሞ ገባ እንዴ?» ብላለች። ሌላው «ነጠላ ለብሶ መግደፍ ምን ይባላል፤ ጎንደርን አሰደባችሁ» ብሏል። የሚስቁም ነበሩ። የሚያለቅሱ ምስሎችን የሚደረድሩም ነበሩ። ልጄ ዝም ስትል የዘለለችው እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለ የትኛችን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የእህቴ ልጅ ማታ መጣ። ፊቱ ላይ ድንጋጤም ደስታም ነበረበት፤ አንዱ ሌላውን አላስቀመጥ ብሎት። እስከ ዛሬ ያወጣነውን ሁሉ ቢደምሩት የዚህን ያህል ሰው አላየውም አለኝ። መቀመጫ ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

ከሳምንት በኋላ ወሬውን ያመጡልኝ አያ ናቸው። ከደባርቅ በኩል የመጣ የጭነት ማኪና ሾፌር አዘዞ ምሳ ሲበላ ነገራቸው። ከደጋዋ ሴት አጥቢያ አንድ ጎረምሳ ቪዲዮውን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለሰው አሳይቶታል። አንዳንዱ የቄሱን መስቀል ሳይሳለም ያልፋል።

«አትቆጪኝ» አሉኝ አያ በሩ ላይ ቆመው። «ብደብቅሽ ይሻል ነበር?»

«አይሻልም አያ።»

እሷ የደወለችው ከዚያ ወዲያ ነው፣ በሰው ስልክ።

«እህት ዓለም፣ እኔ ነኝ።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ደህና ነኝ። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልበልሽ። ያ ነገር ወጣ አሉ። እኔ አላየሁትም። ቄሱ ግን አዩት።»

«ከጾም በፊት ነው በያቸው!»

«ብያለሁ። እሳቸውም ያምኑኛል። ሰዉ ነው እንጂ፤ በገና ይሰማል እኮ ይለኛል። በቅበላ በገና ማን ይደረድራል ይለኛል። እኔ በገና የሰማሁ እንደሆነ አላስታውስም፤ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። ኋላ ነው የተጨመረ።»

«እንዴት ኋላ ይጨመራል?» አለች።  መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች፦ «ቄሱ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ መቅደስ አልገባም ብለዋል። ማንም አላላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው። ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ወንድሞቻቸው እሷን ወደ ወገኖቿ ሸኝ ይሏቸዋል። አንቺ ቀኑን ተናገሪልኝ። በዚያው በስልኩ ተናገሪው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እናገራለሁ። በማርያም እናገራለሁ።»

«ቅሉን እጠቢልኝ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

የእህቴን ልጅ አስጠራሁት።

«አውርደው» አልኩት።

«አክስቴ፣ ብናወርደው ጥፋታቸውን አመኑ ይሉናል። ደግሞ ሌሎች ገጾች ወስደውታል። እኛ ጋ ቢጠፋ እነሱ ጋ ይኖራል።»

«እንግዲያው ሙሉውን አውጣው። ከነገ ወዲያ ያለችበትን።»

መሬት መሬት አየ። «ስልኩ ሞልቶ ነበር» አለኝ። «ካሳጠርኩት በኋላ ዋናውን አጠፋሁት።»

 ድስቱ ላይ ቅቤ ነበረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጠገቡ ተነስቼ ነበር፣ ጠቆረብኝ።

«እኔ ራሴ ቆሜ እናገራለሁ» አልኩት በኋላ።

«አሁን ብትመልሺ ጠብ ይሆናል። ጠቡን ደግሞ ሌላ ሰው ይቀርጸዋል። ዝም ካልሽ በሳምንት ይረሳል። ይኼ የታወቀ ነገር ነው፣ አክስቴ፤ ተምረነዋል። ደግሞ ትዕዛዙን አላየሽም? የሚሰድቡንም እኮ ናቸው የሚያዙት።»

ይህም እውነት ነበር። የጎንደርን ስም አሰደባችሁ ያለው ሰውዬ በውስጥ መስመር ገብቶ ለፋሲካ ይደርስ እንደሆነ ጠይቋል።

«አንተ ፋሲካን ታያለህ። እሷ ግን አሁን ቤቷ ውስጥ ሰው እያያት ነው» አልኩት።

«እኔስ የት ነኝ?» አለኝ ቀስ ብሎ። አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ጠርቶታል፤ የሠራኸውን አሳየን ብለውታል፤ የሚያሳየው ይህቺን ገጽ ብቻ ነው። በእኛ ላይ ሰው ሲጣላ፣ እኛም ተሳስተናል ብለን ስንቆም እንዲያዩት አልፈለገም። የእህቴን ልጅ ሥራ ላሳጣው? የእሷን ቤት ላፍርስ? የይለፍ ቃሉ እሱ ጋ ነው። ቃሉን ቢሰጠኝ እንኳ የት ተጭኖ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

በልጄ ስልክ፣ በልጄ ስም፣ በገዛ እጄ አስተያየት ጻፍኩ። ፊደሎቹን እየፈለግኩ ነው የጻፍኩት። «እኔ ባለቅቤዋ ነኝ። የተቀረጸው ከጾም በፊት ቅዳሜ ነው። በገናው በኋላ ነው የገባው። እሷ አልገደፈችም።» አንዱ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ። ሌላው «ባለቤቷ ብትሆን በገጿ አትናገርም?» አለ። ከዚያ ሌላ መጣበት፣ ሌላም መጣበት። ማታ ስፈልገው አላገኘሁትም፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ወደ ታች ወርዷል።

ከዚያ በኋላ መውጣት ፈራሁ። አንድ ቀን ወደ ከተማ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ልጅ ስልኳን አየት፣ እኔን አየት ታደርጋለች። «ቅቤዋ አይደሉም?» አለች ለጓደኛዋ። ወራጅ አልኩ፤ መንገዱ ገና ነበር። ፀሐይ ላይ በእግሬ ተመለስኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እያወረድኩ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ተጠግቼ እቆም ነበር። ጸሎቱ ከሩቅ ይሰማኛል፣ ሰው ሲያልፍ ግን አቋርጠዋለሁ።

የንስሐ አባቴን ለመንኳቸው፤ ለአጥቢያዋ ካህናት ቃል ይላኩልኝ አልኳቸው። ሁሉንም ሰሙኝ። «ልጄ፣ እኔ አምንሻለሁ» አሉኝ። «የእኔ ማመን ግን እስከዚያ አይደርስም። እሷን አላውቃት፤ የሚያውቋት እነሱ ናቸው። አንቺው በአደባባይ የሆነውን በአደባባይ አስተካክዪው።» እሷ በስልኩ ተናገሪው ካለችኝ ጋር አንድ ሆነብኝ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ትዕዛዙ ከአቅሜ በላይ ሆነ። የእሷ ቅቤ ስላልወረደ የእህቴ ልጅ ከጠዳ ገበያ፣ ከነጋዴ አመጣ። መቅመስ የለም፤ አሸተትኩት፣ በእጄ አሸሁት፣ አሁንም አሸተትኩት። ልቤ አልተቀበለውም፣ ግን አነጠርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ የቅቤ ሽታ በግቢ ሲሞላ ነውር ነው። እማማ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው «አሁንስ በቅቤው ሽታ ልታስገድፊኝ ነው!» አሉኝ። እየቀለዱ ነው፤ እኔ ግን በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። በተዘጋ ቤት፣ ሦስት ድስት ተጥዶ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ጢን ጢን ይላል። አንዱ ያዝዛል፣ አንዱ ይሰድባል፤ ድምፁ አንድ ነው። አፌ ደረቅ ነበር። እሷ ያለችው ትዝ አለኝ፣ ከነገ ወዲያ አፋችን ይታሰራል ያለችው። የሌላው ሰው ከፋሲካ በኋላ ይፈታል፤ የእኔ መቼ እንደሚፈታ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ የደጋዋ ሴት አልመጣችም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጠበቅኋት፣ ቀጣዩንም ጠበቅኋት። ቅሉን አጥቤ፣ አጥኜ፣ ጥላ ውስጥ አድርቄ መስቀያው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አንድ ቀን እማማ ቅሉን አዩት። «የማን ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ሁሉንም ነው የነገርኳቸው፤ እስከዚያ ቀን የደጋዋ ሴት ደውላ እንደነበር እንኳ አያውቁም ነበር። እግራቸውን ዘርግተው ሲሰሙ ቆዩና «ስድስት ነበርን አይደል?» አሉ።

«ስድስት ነበርን።»

«አምስታችን እዚህ ነን። ምን ትጠብቂያለሽ? ጥሪያቸው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ስልኩን ልጄ ያዘች። እኔ መጀመሪያ ተናገርኩ። ቀኑን ተናገርኩ፣ እንዴት እንደምንቀምስ፣ በጾም እንዴት እንደማንቀምስ ተናገርኩ። እማማ ቀጠሉ፦ «እኔ ምን ትሰስቻለሽ፣ ጨምሪልኝ ያልኳት ነኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ሊያልፍብኝ ነው ያልኩት ጾሙ ሳይገባ ነው። ጾም ከገባ እኔ ቅቤ እለምናለሁ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። አያ ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው «የቅበላው ቅዳሜ ነው። ቅበላ ባይሆን ያን ያህል ጭነት አይኖርም ነበር። ማኪና ሙሉ ሰው ነበር የወረደው» አሉ።

የእህቴ ልጅ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። አልጠራሁትም። ራሱ ገባ፣ ከልጄ ፊት ቆመ። «ቃላቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «በገናውንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ጾም አልገደፉም።» ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ ሳያሳጥር፣ ምንም ሳይጨምር በገጹ ላይ ለቀቀው። ያን ቀን እንደ ልጄ ወደድኩት። ሥራውን ሳያገኝ ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አልነገሩትም።

አሁን የሚሆነውን አስቡት። የመጀመሪያውን ያየው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ያየው ጥቂት ነው። ካዩትም መካከል አንዱ «እንዲህ ነው ማስታወቂያ» አለ። ሌላዋ «እማማ ሲያስቁ! ደግመው ያምጡልን» አለች። «ቅቤው ስንት ነው?» የሚሉ ከሥር ከሥር ተሰለፉ። የዚያን ሳምንት ትዕዛዝ ከወትሮው በዛ። ያመኑኝ ሰዎች አልጠፉም፤ ያመኑኝም ግን ቅቤ አዘዙ።

ያን ጊዜ ነው የገባሁበት የታየኝ። ዝም ስል ቅቤው ይሸጣል። ስናገር ቅቤው ይሸጣል። ባለቅስም ይሸጣል። በዚያ ቦታ ላይ አፌን ከፍቼ ቅቤ የማይሸጥ ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ገጹን ዝጋው እንዳልል የልጄ ትምህርት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የእህቴ ልጅ አለ። ዛሬም እዚያው ነኝ። ዛሬም በየሳምንቱ እጄ ይታያል።

ሁለተኛውን ቪዲዮ በለቀቅንበት ሰሞን በእሷ አገር ኔትወርክ አልነበረም ይላሉ። መንገዱም ተዘጋ ተባለ፣ ተከፈተ ተባለ፣ እንደገና ተዘጋ ተባለ። ደርሶ ይሆን? ደጀ ሰላሙ ላይ የመጀመሪያውን ያሳየው ጎረምሳ ሁለተኛውን አሳይቶ ይሆን? አያ በሚኒባስ ማቆሚያው ያገኙትን ሁሉ ይጠይቁልኛል። አንዱ ወንድሟ ቤት ገብታለች ይላል። አንዱ ከባሏ ጋር ናት፣ ቄሱም መቅደስ ገብተዋል ይላል። አንዱ ደግሞ ወደ ዛሪማ ወርዳ ገበያ ላይ አየኋት ይላል፤ ምን ስትሸጥ ብለው ቢጠይቁት አላስታወሰም።

ራሴ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ስንቄን ቋጥሬ ነበር። አንዴ መኪና የለም አሉኝ። አንዴ ታናሹን ልጄን አተኮሰው፤ ትቼው መሄድ ፈራሁ። የእህቴ ልጅ «ብትሄጂማ፣ ስትገናኙ ብንቀርጸው...» ብሎ ጀመረና ከአፉ ሳይጨርስ ራሱ አፈረ። «አልቀርጽም» አለኝ። «ልሸኝሽ ነው።» ያን ቀንም አልሄድንም።

ስለዚህ ይህን በወረቀት ጻፍኩት። እዚህ የሚታዘዝ ቅቤ የለም። ፊደሌን ልጄ አይታልኛለች፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ የምትወጡ፣ ወደ ዛሪማ የምትወርዱ ሾፌሮችና ነጋዴዎች፣ የቄስ ሚስት የሆነች፣ ቅቤ በቅል የምትሸጥ፣ በግራ አውራ ጣቷ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባት ሴት ካያችሁ፣ ቀኑ ቅዳሜ እንደነበረ አምስታችንም መስክረናል በሏት። ቅሉም ታጥቦ ተቀምጧል። ከዚያ አዘዞ ሚኒባስ ማቆሚያው ጋ ጋሪ ለሚገፉት ሽማግሌ ወሬዋን ንገሩልኝ። ቤቷ ናት ወይ? ደህና ናት ወይ? ያያት ሰው ካለ ይንገረኝ።